አማትሽ የት ነው የሚቀመጡት?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አዲስ ቤት ገብተዋል። የቴሌቪዥን ማስቀመጫቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥያቄዋ አጭር ነች። «ጋሼ፣ ሳሎናችን ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ ቀዘቀዘብን። ሞቅ እንዲል ምን እናድርግ?» ከሥር ስድስት ፎቶ አለ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ድሬዳዋ ተቀምጦ ቤቴ ቀዘቀዘ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። እኛ ዕድሜያችንን የፈጀነው ሙቀት ስንሸሽ ነው። አባቴ ግንቦት ሲገባ የሽቦ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነበር የሚተኛው። «አቦ፣ ይቺ ልጅ ደንገጎን ትውጣ!» አልኳት ባለቤቴን። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ የሚደረስባት ሐረር ከእኛ ብትርቅ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ግን ከፍታ ላይ ስላለች ማታ ማታ ጋቢ ታስደርባለች።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። «ሞቅ» የምትለዋ ቃል ያዘችኝ። ይቺኑ ቃል ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት እናት ብለውኝ ነበር። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለልጅቷ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ሙያዬ አናጢነት ነው። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የፉርጎ ወንበር ይጠግን ነበር፤ መላጊያ መያዝ የተማርኩት ከእሱ ነው። ሲቆጣ በፈረንሳይኛ ነው። ሲያመሰግን በአማርኛ ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የማስታውሰው። አሮጌ የፉርጎ አግዳሚ ሲወገድ ገዝቶ ቤት አመጣው። ስድስት ልጅ ያደግነው እዚያ አግዳሚ ላይ ነው። ትራስ የለው፣ ምን የለው። ወደ ጫፉ የተቀመጠ ሌላው ሲነሣ ይወድቃል። ይቺ የጎን ወሬ ነች፤ ልመለስ።

በ1991 ዓ.ም. አንድ ሰው ከውጭ አገር ደወለልኝ። ጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር ውስጥ ያለውን የእናቱን ቤት ማደስ ይፈልጋል። ገንዘቡ ለእኔ የዚያን ጊዜ ትልቅ ነበር። ሁለት ረዳት ይዤ ሐረር ወጣሁ።

ቤቱ «ጌይ ጋር» የሚባለው ነው፤ የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት። ገብታችሁ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ወንበር የሚባል ነገር የለም። ቤቱ ራሱ ነው ወንበሩ። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ነደባ ይሉታል። አምስት ነደባ አለ። አሚር ነደባ የአባወራውና የክቡር እንግዳ ነው። ግድር ነደባ ሰፊው ነው፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም እዚያ ይሰፍራል። ከበሩ ጀርባ ገብቲ ኤሄር አለ፤ በዕድሜ ያነሰ ወይም ዘግይቶ የመጣ እዚያ ነው። ሰው ገብቶ «የት ልቀመጥ?» አይልም። ቤቱ ይነግረዋል። ግድግዳው ላይ ስፌት ከላይ እስከ ታች ተሰቅሏል። ግድግዳው ራሱ ደግሞ ውስጡ እየተቦረቦረ መደርደሪያ ወጥቶለታል። ሳህኑ፣ ብርሌው፣ ቁርአኑ እዚያ ይቀመጣል።

የልጁ ትእዛዝ አጭር ነበር። ወለሉ አንድ ወጥ ይሁን፣ ሴራሚክ ይነጠፍ፣ ሶፋና ባለመስታወት ቡፌ ይግባ። አልፈርድበትም። እናቴ እንደ ሰው ትኑር ብሎ ነው። እኔ ግን አናጢ ነኝ። በደንብ የተሠራ ነገር ሳይ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ እንኳን «ቆይ እስቲ፣ እናትህን ጠይቀሃል ወይ?» አላልኩትም። ጭራሽ የግድግዳውን መደርደሪያ ድፈኑት ያልኩት እኔ ነኝ። የቡፌው ጀርባ ልክ እንዲገጥምልኝ። ይህን ማንም አላዘዘኝም።

ዲጂኖው አሚር ነደባ ላይ ሲያርፍ አንድ ቁራጭ ተፈንጥሮ እግሬ ሥር ወደቀ። አነሣሁት። የተሰበረው ጠርዙ እንደ ሽንኩርት ተነባብሯል። ቀይ፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ከሥሩ ደግሞ ጡብ የመሰለ ቀይ። ሐረሪዎች ነደባውን በቀይ አፈር ነው የሚቀቡት፤ ቀሕ አፈር ይሉታል። በዓል ሲመጣ፣ ሠርግ ሲደገስ አንድ ሽፋን ይጨመራል። ቀይ የሆነው በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ጦርነት ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ሽፋኑን በጥፍሬ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አራት ላይ ስደርስ ረዳቴ ጠራኝና ጠፋብኝ። ቁራጩን የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሸሚዙ ቀላ። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አጥባው አለቀቀም።

እናትየው ሥራው እስኪያልቅ ግቢ ተቀምጠው እህል ሲለቅሙ ነበር የሚውሉት። አንድም ቀን አልተቃወሙም። ይህም አሳስቶኛል። ዝም ያለ ሰው የተስማማ ይመስለኝ ነበር። ስንጨርስ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። በሩ ላይ ቆሙ። ጫማቸውን አወለቁ። ሴራሚኩን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ውሃ ይሙቅ ይቀዝቅዝ እንደሚሞክር ሰው። «የት ልቀመጥ ልጄ?» አሉኝ።

«የፈለጉት ቦታ እማማ፣ ሁሉም የእርስዎ ነው።»

ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቡፌውን መስታወት ይዤ ተመለስኩ። ሳሎኑ ባዶ ነው። ሶፋው ላስቲኩ እንኳን አልወለቀለትም። ከጎን ካለችው ጠባብ ክፍል ግን ሳቅ ይሰማል። ኪርታት ይሏታል፤ ድሮ ሙሽሮች የሚከርሙባት ክፍል ነች። ብቅ አልኩ። እናትየውና አራት ጎረቤቶቻቸው ሰሌን ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀምጠዋል። ከግድግዳው ያወረድኩት ስፌት ሁሉ እዚያች ክፍል ተሰቅሏል፤ ቦታ ያጣው ጥግ ላይ ተደራርቧል። ሆጃ፣ ያን ከቡና ተክል የሚፈላውን መጠጥ፣ እየጠጡ ነው። መስታወቱን እንደታቀፍኩ ደረቅሁ። እሳቸው አዩኝ። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ና ግባ ልጄ፣ እዚህ ሞቅ ይላል» አሉኝ።

ገባሁ። ሆጃውን ጠጣሁ። ምንም አልተናገርኩም። ከዚያ መስታወቱን ገጠምኩ፣ ቀሪ ሒሳቤን ተቀበልኩ፣ ወደ ድሬ ወረድኩ። ነደባውን መልሼ በነፃ ልሥራልዎ ማለት እችል ነበር። ዛሬ ነገ ስል ማረፋቸውን ሰማሁ።

በ1998 ሐምሌ ጀጎል የዓለም ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዘገበ። ሬዲዮው ደስ ብሎት ሲያወራ እኔ ወርክሾፕ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ እላግ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ መጣብን። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። በማግሥቱ አሸዋው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሶፋ ጭቃ ጠጥቶ ተገልብጦ አየሁ። እግሩን ሳየው የራሴ ሥራ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዕቃ ይህን ያህል አያስደንቀኝም። እንዲህ እላለሁ እንጂ በሳምንቱ አዲስ ትእዛዝ ተቀብያለሁ፤ ሰው ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ያስፈልገዋል።

እናንተ ልጆች ደግሞ ቤታችሁን ከመኖራችሁ በፊት ፎቶ ታነሡታላችሁ። ሥዕሉን ከስልክ ታመጡና «ልክ እንደዚህ» ትሉኛላችሁ። ሥዕሉ ላይ ሰው የለም። አይታችሁት ታውቃላችሁ? አንድም ሰው አይቀመጥበትም። ጂፕሰሙ ሦስት ደርብ ነው፣ በየስንጥቁ ሰማያዊ መብራት ይፈሳል፣ ሶፋው እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ ግድግዳ ታክኮ ተሰልፏል። የዛሬ ልጅ ነደባው የት እንደሆነ ልንገራችሁ? ሶኬት ያለበት ቦታ ነው። አንዱ ከበሩ ጀርባ፣ አንዱ ከፍሪጁ አጠገብ፣ ሌላዋ መስኮቱ ሥር፣ ሁሉም ቻርጀሩ ወዳለበት ዞሮ ተኮራምቷል። ልፈርድባችሁ አይደለም። የልጅ ልጆቼም እንደዚያው ናቸው። የማወራው የቤቱን ካርታ ማን እንዳወጣው ነው። ኤሌክትሪሻኑ ነው ያወጣው።

ስለዚህ ሶኬቱን ሰው እንዲሰበሰብ ወደምትፈልጉበት አዙሩት። ማራዘሚያ ገመድ ዋጋው ስንት ነው? ሶፋውን ከግድግዳው አላቁት። ፊት ለፊት የሚቀመጡ ሰዎች መሃላቸው ከሁለት ሜትር ተኩል ካለፈ ድምፅ ከፍ ማድረግ ይጀምራሉ፤ ጨዋታውም ስብሰባ ይሆናል። በሜትር ሳይሆን በዓይኔ ነው የለመድኩት፤ ስለካው ግን እዚያው ግድም ይመጣል።

መብራት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ። 6500 ኬልቪን የሚለው ነጭ ነው፤ ፋርማሲ ያደርጋችኋል። 3000 ወይም ከዚያ በታች የሚለው ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ የፋኖስ ዓይነት ነው። ሙቀት አይጨምርም፣ አትፍሩ፤ ቀለሙ ብቻ ነው የሚለየው። ከጣሪያ አንድ ብቻ ከሚያፈጥ ዝቅ ብለው የሚበሩ ሁለት ይሻላሉ። የሰው ፊት ከላይ በወረደ መብራት አያምርም። ሰው ፊቱ ካላማረለት ደግሞ ቶሎ ይሄዳል።

ሌዘር ሶፋ ለድሬ አይሆንም። ስንት ሰው ለመንኩ! በግንቦት ቀትር ቁምጣ የለበሰ እንግዳ ሲነሣ ሶፋው አብሮት ሊነሣ ይደርሳል። ድምፁም ያሳፍራል። ጥጥ አልብሱት፤ ጨርቁ እየወለቀ የሚታጠብ ይሁን። ወለል ላይ የሚነጠፈውን መጅሊስ የሚወድም መጅሊስ ያድርግ። ከሰዓት በርጫ፣ የጫት ጨዋታ፣ ያለበት ቤት ከመጅሊስ ሌላ አይመቸውም፤ ይህን ለድሬ ሰው መንገር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው።

ስለ ቀለም የምለው የለም። ቀለም ቤት አያሞቅም። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ልናዘዝ፦ የእኔ ሳሎን አንድ ግድግዳው ቀይ ነው። ባለቤቴ «ጠቆረብኝ» ትላለች። ቡፌም አለኝ፤ ባለመስታወት፣ በገዛ እጄ የሠራሁት። ውስጡ ለእንግዳ የተባለ አሥራ ሁለት ብርጭቆ አለ። ማንም ጠጥቶበት አያውቅም። ከላዩ የፕላስቲክ አበባ አለ፤ አቧራውን በየሳምንቱ የምጠርገው እኔ ነኝ። የማስተምረውን ሁሉ የምፈጽም እንዳይመስላችሁ። ያ የነደባ ቁራጭ ግን ቡፌው ውስጥ ነው፤ ከብርጭቆዎቹ ፊት። የልጅ ልጄ «ይሄ የምን ድንጋይ ነው?» አለችኝ አንድ ቀን። «ሒሳብ ነው» አልኳት። አልገባትም፤ ትንሽ ነች።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ የሳቢያኗ ልጄ። ስድስቱንም ፎቶ ደጋግሜ አየሁ። ምንጣፉ ጥሩ ነው። መጋረጃው ትንሽ ይከብዳል፣ ንፋስ ይከለክላችኋል። ዕቃ አልጎደለሽም፤ ይልቅ አንድ ነገር ይውጣ። አማትሽ አብረዋችሁ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ የቴሌቪዥኑን ማስቀመጫ ሳስገባ ሻይ ያቀረቡልኝ እሳቸው ናቸው። በአንዱም ፎቶ የሉም። «የት ነው የሚቀመጡት?» ብዬ ስጠይቅሽ «ክፍላቸው ነው የሚውሉት ጋሼ፣ ሳሎን ብዙ አይወዱም» አልሽኝ።

ያ ሶፋ መቀመጫው ለእሳቸው ጉልበት በጣም ዝቅ ያለ ነው። ፎቶው ላይ ያስታውቃል። እንደ እሳቸው ላለ ሰው ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ ግራና ቀኝ መደገፊያ ያለው ወንበር ነው የሚያስፈልገው። ሲነሡ በእጃቸው የሚገፉት ነገር ይፈልጋሉ። በሩንም መንገዱንም የሚያዩበት ቦታ ይሁን፤ ማን ገባ ማን ወጣ ሳያውቁ የሚቀመጡ አሮጊት አላጋጠመኝም። ከሠራሁት ዋንዛ የተረፈ ሳንቃ አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ቀለም እንዳትገዙ። የምለካው ግን ሳሎኑን አይደለም፣ እሳቸውን ነው፤ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ቡና ካፈላችሁም እሳቸው ክፍል ነው የምጠጣው።