«ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩ፤ ለቅሶ ግን አልደረስኩም

ጥያቄ፦ «የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲነሳ እኛ ገላን ጉራ ገባን፤ አብሮ አደግ ጓደኛዬ ቦሌ አራብሳ ደረሳት። የሰፈር ልጆች እንዳንጠፋፋ ብለን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን ቀን ከሌት እናወራለን። ከሁለት ወር በፊት የጓደኛዬ እናት አረፉ። ግሩፑ ላይ ሳየው እንደ ሰዉ ሁሉ ‹ነፍስ ይማር› ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ታሞብኝ ስለነበር ለሠልስቱ እደርሳለሁ አልኩ፤ አልሄድኩም። ከዚያ በኋላ አፈርኩ። አርባውም አለፈ። እሷ ከግሩፑ ወጥታለች። እኒያ ሴትዮ እኮ እንደ ልጃቸው ያሳደጉኝ ናቸው። ባለቤቴ ‹ቴሌግራም ነው ከሰው የለየሽ፣ አጥፊው› ይለኛል። ላጥፋው? እሷንስ በምን ዓይኔ ልያት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለተኛውን ጥያቄሽን ላስቀድም፤ እሱ ቀጠሮ አይሰጥም።

ሂጂ። ሰማንያው ገና አላለፈም። ቢያልፍም መንፈቅ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ድንኳኑ ከተነሳ፣ ፍራሹ ከታጠፈ፣ የእድሩ ወንበርና ብርጭቆ ከተመለሰ በኋላ ነው ሐዘንተኛ ቤቱ ባዶ መሆኑን የሚያየው። በሠልስቱ ሰዉ በሰው ላይ ተደራርቦ ማን መጣ ማን ቀረ ለማለት እንኳ ፋታ የለም። አንቺ «አረፈድኩ» ብለሽ የምትሸማቀቂበት ይህ ሰሞን ለጓደኛሽ የሰው እግር የሳሳበት ሰሞን ነው።

አስቀድመሽ ደውዪላት። ካላነሳች በድምፅሽ አጭር መልእክት ተዪላት፤ በጽሑፍ አይሁን፣ ድምፅሽን ትስማው። «እማማ ሲያርፉ አልመጣሁም። መጀመሪያ ልጄ ታሞብኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያስቀረኝ ግን ሐፍረት ነው። እሑድ እመጣለሁ» በቂ ነው። የልጁን ሕመም አታስረዝሚው፣ ሰበብ ይመስላል። ይቅርታሽን በስልክ አትጨርሺው። ስትገናኙ ብትቆጣሽ ቁጣዋን ተቀበዪ፤ የምትቆጣሽ አሁንም የእሷ ሰው ስለሆንሽ ነው።

በፈረንጆቹ 2022 ፔጊ ሊዩ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ጥናት አለ። ሰው ከተጠፋፋው ወዳጁ ጋር መልሶ ሲገናኝ ወዳጁ የሚሰማውን ደስታ ከእውነተኛው አሳንሶ ይገምታል። ያልተጠበቀ ሲሆን ደግሞ ደስታው ይበልጣል። ጥናቱ የለቅሶ ቂምን የሚመለከት አይደለም፤ እጅሽን ከስልኩ ላይ የሚያነሳው «ምን ትለኝ ይሆን» የሚለው ፍርሃት ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ። አታጥፊው። ግን ያን ቀን ምን እንደሆንሽ ልንገርሽ። ሁለት ነገር ተደራርቦብሻል። አንደኛ፣ «ነፍስ ይማር» ብለሽ ስትጽፊ ልብሽ ዕዳውን የከፈለ መሰለው። ያ እፎይታ ባይኖር ኖሮ ልጅሽ በዳነ ማግስት ታክሲ ትይዢ ነበር። ሁለተኛ፣ ያን ያህል ሰው መጻፉን ስታዪ «ከእነዚህ ሁሉ ሰው አይጠፋም» አልሽ። ይህ የአንቺ ብቻ ድካም አይደለም። በፈረንጆቹ 1968 ባሳተሙት ጥናት ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኒው ዮርክ ውስጥ ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል አስገብተው፣ ሌላ ተማሪ በድንገተኛ ሕመም ሲወድቅ የሚመስል ድምፅ በመነጋገሪያ አሰሟቸው። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ካሉት 85 በመቶው ለእርዳታ ተነሡ። ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ብለው ካሰቡት የተነሡት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። በርካታ አባላት ያሉት ግሩፕም ሁላችሁንም «ሌላው ይደርሳል» ያሰኛችኋል። ጓደኛሽ በዚያ ሁሉ «ነፍስ ይማር» መካከል ያንቺን ፈልጋ ምን እንደተሰማት አስቢው።

የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ሰምተሽ ታውቂያለሽ። ጡሩምባው መርዶውን ይናገራል፤ «ሰምቻለሁ» ብሎ እቤቱ የሚቀመጥ ግን የለም፤ ሰው ነጠላውን ያነሳል። ግሩፓችሁ ጡሩምባ ነው። ከጡሩምባም የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ገላን ጉራ፣ አራብሳ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ ላሉት እኩል ይሰማል። የጎደለው ከተነፋ በኋላ የሚመጣው ነው።

ሞይራ ቡርክና ሮበርት ክራውት የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2016 ያሳተሙት ጥናትም ወደዚሁ ያመላክታል። ወደ 1,900 የሚጠጉ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን ለሦስት ወር ተከታትለው ነበር። ከቅርብ ሰው ለእነሱ ተብሎ የተጻፈ መልእክት ያገኙት ሰዎች ደኅንነታቸው ተሻሽሎ ታየ። ላይክ ማግኘትና የሌላውን ማንበብ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አላሳየም።

ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ከሰፈራችሁ ሰርግ፣ ክርስትናና ጥምቀት የተረፉ ፎቶዎች በየሰዉ ስልክና አልበም ውስጥ አሉ። እማማ ያሉባቸውን እንዲልኩልሽ ለድሮ ጎረቤቶቻችሁ አንድ በአንድ፣ በየስማቸው እየጠራሽ ጻፊላቸው። ግሩፑ ላይ በጅምላ አትለጥፊው፤ ማንም አይመልስልሽም። ውጭ ያሉት ስለ እሳቸው የሚያስታውሱትን በድምፅ ቀድተው ይላኩልሽ። የደረሰሽን ፎቶ ቤት አሳትመሽ እሑድ ይዘሽ ሂጂ። ቤቱ ፈርሷል፣ እሳቸውም የሉም፤ ጓደኛሽ እናቷን በዚያ ግቢ የምታይበት መንገድ ይኸው ነው። ይህን ደግሞ ያለ ስልክሽ አታገኚውም። የኀዘን እንጀራና ቡናም አትርሺ። እሷ ስለ እናቷ ስታወራ አታስቁሚያት፣ «በቃ አታልቅሺ» አትበያት።

ከዚያ በኋላ ግሩፑን እናንተው ታበጁታላችሁ። ሰው ሲያርፍ «ለሠልስቱ እኔ አለሁ፣ ለሰባቱ ማን ይሄዳል?» የሚል አንድ ሰው ይኑር። በአንድ መኪና የሚሄዱት ይነጋገሩ፣ መሄድ ያልቻለው በቴሌብር የድርሻውን ይላክ፣ ለሐዘንተኛው ለብቻው ይደውል። ለታመመ፣ ለወለደች፣ ሥራ ለፈታም እንዲሁ ነው። ማን ምን እንደሚያደርግ በስም ከታወቀ «ሌላው ይደርሳል» የሚለው ሐሳብ ቦታ ያጣል።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ «አጥፊው» ያለውን እንደ ክስ ብቻ አትስሚው። ቀን ከሌት እናወራለን ያልሽው አንቺ ነሽ፤ የማታውን ሰዓት ስልኩ ወስዶበት ሊሆን ይችላል። ራት ላይ ስልክሽን አስቀምጠሽ ምን እንደጎደለው ጠይቂው። እሑድ አራብሳ ስትሄጂም አብሮሽ ይሂድ፤ እሱም እስካሁን ለቅሶ ካልደረሰ ይደርሳል። ልጁን የሚጠብቅ ሰው ካጣችሁ ገላን ጉራ ከእናንተ ጋር ከገቡት የሰፈር ሰዎች አንዷን ዛሬ ማታ በስሟ ጠርተሽ ጠይቂያት።