አደባባይ የግድ ክብ ነው?

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስማር አስተማሪያችን «አደባባይ ማለት መኪና የሚዞረው ክብ ነው» አሉን። መስቀል አደባባይ ግን ክብ አይደለም፤ «የአደባባይ ምስጢር» ሲባልም የሚዞር ነገር የለም። ትክክለኛው ፍቺ የቱ ነው? ፒያሳስ አደባባይ ማለት ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አስተማሪዎ ለፈተናው የሚበቃዎትን ነግረውዎታል። ለቃሉ ግን አይበቃም።

አደባባይ በቀድሞው አነጋገር ከቤተ መንግሥት ደጅ ያለ ገላጣ ስፍራ ነው። አዋጅ የሚነገረው፣ ሙግት የሚሰማው፣ ንጉሡም ለሕዝብ የሚታየው እዚያ ነበር። ጎንደር ከፋሲል ግቢ አጠገብ አደባባይ ኢየሱስና አደባባይ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ስማቸው ያንን ፍቺ እስከ ዛሬ ይዞ ቆይቷል። እንግዲህ የቃሉ ቁም ነገር ቅርጹ ሳይሆን መታየቱ ነው። ተቃራኒውም ጓዳ ነው።

ገላጣ ስፍራን የሚጠሩ ሌሎች ቃላት አሉን፤ ሰው ሲወጣባቸው ግን ዕጣው ለየቅል ነው። «ጎዳና ወጣ» ካልን ቤት አጣ ማለታችን ነው። «ሜዳ ላይ ቀረ» ካልን የሚያነሳው ጠፋ። «አደባባይ ወጣ» ሲባል ግን ሰውየው ሊከበርም ሊዋረድም ይችላል፤ የተረጋገጠው ነገር መታየቱ ብቻ ነው። ጥምቀትና መስቀል የአደባባይ በዓላት የተባሉትም ስለዚሁ ነው፤ ጥምቀት በጃንሜዳ፣ ማለትም ሜዳ ላይ ሲከበርም የአደባባይ በዓልነቱ አይቀርም።

ግእዙ ለዚህ ስፍራ መርሕብ የሚል ቃል አለው፤ ሥሩ ርሕበ፣ «ሰፋ» ነው። (በሐመሩ ሐ ይጻፉት፤ በብዙኃኑ ኀ ከጻፉት ረኀብ ይመጣብዎታል።) በዕብራይስጥም ያው ሥር ረሖብ የሚል ቃል አውጥቷል፤ በጥንቱ አደባባይ፣ በዛሬው ጎዳና ነው። ምሳሌ 1፥20 ላይ ጥበብ ድምፅዋን የምታሰማበትን ስፍራ ዕብራይስጡ በዚህ ቃል ሲጠራ፣ አማርኛው አደባባይ ብሎታል። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት የእስራኤሏ ከተማ ረሖቦትም ስሟ ከዚሁ ነው። ዐረቦቹ እንግዳ ሲቀበሉ የሚሉት መርሐባም ቢሆን «ሰፊ ቦታ አለህ» እንደማለት ነው።

ፒያሳን በተመለከተ የሰሙት እውነት ነው። ቃሉ የጣልያን ነው፤ በላቲን በኩል ከግሪኩ ፕላቴያ መጣ፤ የዚያም ፍቺ «ሰፊ» ነው። ዝምድና የሌላቸው ግሪክና ግእዝ ለአንድ ስፍራ በአንድ ሐሳብ ስም ማውጣታቸው እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኛ ግን ፒያሳን የሰፈር ስም አደረግነው፤ «ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ ጠብቀኝ» ስንል አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እንደምንጠራው አይታወቀንም። ስህተትም አይደለም፤ ቃሉ አማርኛ ገብቶ ሥራውን ቀይሯል።

ክቡ የመጣው ከከተማና ከመኪና ጋር ነው። የአዲስ አበባ መንገዶች የሚገናኙት ሐውልት በቆመባቸው ስፍራዎች ላይ ነበር፤ በ1929 ለተጨፈጨፉት መታሰቢያ የሆነው የካቲት 12 አደባባይ እንዲሁ ነው (ረዳቱ ግን «ስድስት ኪሎ!» ብሎ ነው የሚጣራው)። መኪናው ሐውልቱን ሲዞር የስፍራው ስም ለዙረቱ ተረፈ። ቀጥሎ ሐውልትም ሕዝብም የሌለበት የአስፋልት ክብ ሁሉ አደባባይ ተባለ። ይህን «የተበላሸ አማርኛ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ቃል እንዲህ ነው የሚሰፋው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። በአደባባይ እና አደባባዩ ላይ አንድ አይደሉም። «በአደባባይ ሰደበኝ» ሰው እየሰማ ነው፤ የትም ቢሆን። ስፍራውን ለመንገር ከፈለጉ «አደባባዩ ላይ» ይበሉ። አለበለዚያ «ሁለት ሹፌሮች በአደባባይ ተጋጩ» የሚል ዜና ያነበበ ሰው፣ የተጎዳው መኪናቸው ሳይሆን ስማቸው ይመስለዋል።