መልስ፦ ግላዲስ አይልዋርድ ቻይና እንዴት ደረሰች?

ግላዲስ አይልዋርድ ቻይና ሄዳ ወንጌል ለመስበክ የፈለገች እንግሊዛዊት ነበረች፤ ያመለከተችበት የሚስዮን ድርጅት ግን አልተቀበላትም። "ታዲያ ማን ላካት?" ብለህ ለጠየቅከው፣ ማንም አልላካትም። ግላዲስ ለንደን ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ከደሞዟ ጥቂት በጥቂት አጠራቅማ እ.ኤ.አ. በ1930 በባቡር ሳይቤሪያን አቋርጣ ሄደች። የመርከቡን ዋጋ አትችለውማ!

ያንግቼንግ በምትባል ተራራማ ከተማ ጂኒ ሎሰን ከተባሉ አዛውንት ሚስዮናዊ ጋር ለበቅሎ ነጂዎች ማደሪያ ከፈቱ። ሰው ግን የውጭ ዜጋ ፈርቶ አልገባ አለ። ታዲያ ግላዲስ መንገድ ዳር ቆማ የፊተኛዋን በቅሎ ልጓም ለቀም አድርጋ ወደ ግቢው ትጎትታለች። ሌሎቹ በቅሎዎች ይከተላሉ፤ ነጂዎቹም ምን ያደርጋሉ፣ ይገባሉ። ከእራት በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይነገራቸዋል።

በ1936 የቻይና ዜግነት ወሰደች። በ1940 ደግሞ ከጃፓን ጦር ሸሽታ ወደ 100 የሚጠጉ ልጆችን በእግር፣ ተራራ ለተራራ መራች። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ያ ልጓም ነው።