ስልኩን ገልብጠህ አዳምጥ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከሰባት ወር በፊት በሞቶክሮስ ሜዳ ደብል ላይ (በመሃላቸው ጉድጓድ ያለ ሁለት ጉብታ በአንድ ዝላይ የምናልፍበት) ማረፊያው ሳትደርስ አጥረህ ወድቀህ ትከሻህ ተሰበረ። ሐኪም ፈቅዶልህ ተመልሰሃል። አሁን ግን ጉብታው ሲቃረብ ልብህ ይመታል፣ አየር ላይ ስትወጣ ሞተሩ በፊት ጎማው ይደፋል። «ድፍረቴ ነው ያለቀው ወይስ ሾኩን (የሞተሩን ንዝረት መምጠጫ) ላስቀይር?» ብለሃል።

እኔ ድፍረቱንም ሞክሬያለሁ፣ ሾኩንም ቀይሬያለሁ። ሁለቱም አስከፍለውኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። ክርን ስለማንሳት፣ ሞተሩን በጉልበት ስለመያዝ ምናምን አልሰብክህም። ደብል የሞከረ ሰው ያንን ያውቃል።

1. በመጀመሪያው ቀን ወደ ጣለህ ጉብታ አትሂድ።

ከጉዳቴ ስመለስ ጓደኞቼ አጥሩን ተደግፈው ይጠብቁኝ ነበር። ሁለት ዙር አሟሟቅሁ። ሦስተኛው ላይ «ግባበት! ቂምህን ተወጣ!» ማለት ጀመሩ። ጉብታ ቂም የሚይዝ ይመስል። እኔም ሞኙ ሰማኋቸው።

ከመታጠፊያው ስወጣ ፍጥነቴ ልክ ነበር፣ ማርሹም ልክ ነበር። አቀበቱን ጀመርኩ። ጫፉ ጋ ልደርስ ሁለት ሜትር ሲቀረኝ እጄ ነዳጁን ዘጋው። «እጄ» ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ አላዘዝኩትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚሉት ይኼ ነው፤ ልጡ እባብ እንዳልሆነ ጭንቅላትህ ቢያውቅም እጅህ አልሰማም።

አየር ላይ ያየሁት የራሴን የፊት ጭቃ መከላከያ ነበር። ከሱ በታች ደግሞ በሁለቱ ጉብታዎች መሃል ያለው ጉድጓድ። የፊት ጎማው የሁለተኛውን ጉብታ ጠርዝ መታው። በዚህኛው ዙር የተሰበረው የግራ አንጓዬ ነው። አራት ወር ጨመርኩበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ለኔ የተተረተ ነው።

በዚያው ቀን ሄልሜቴ መሬት መትቶ ነበር። ከላይ ጭረት ብቻ ስለነበረው ላስቀምጠው ነበር። አታድርገው። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ሲጨፈለቅ አይመለስም፣ ከውጭ ደግሞ አይታይም። ያንተ ከሰባት ወር በፊት መሬት መትቶ ከሆነና አሁንም እሱን የምታደርግ ከሆነ፣ ይህን ማንበብ አቁመህ መጀመሪያ እሱን ቀይር።

2. ሾክህን ከመክሰስህ በፊት ድምፁን ስማ።

አንጓዬ ጀሶ ውስጥ ሆኖ ቤት ቁጭ ብዬ ጥፋተኛ ፈለግኩ። ጥፋተኛው ሾኩ ሆነ። «የፊቱ ለስላሳ ስለሆነ ነው የደፋኝ» አልኩ። አንድ ሾክ ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ሰውዬው ለካው፣ ነካካው፣ ከዚያ «ሾክህ ምንም አልሆነም፤ አነዳድህን እይ» አለኝ። ተናደድኩ። ከእጄ ጀሶ ጋር ቆሜ እንዲህ ይባላል? ሞተሬን ጭኜ ሌላ ጋ ሄድኩ።

ሌላኛው በጣም ጨዋ ነበር። ያልኩትን ሁሉ «ልክ ነህ» አለኝ። ከፊትም ከኋላም ጠንካራ ሞላ ገጠመልኝ። የከፈልኩት ገንዘብ የአንድ ዓመት ጎማዬን ይገዛ ነበር። ውጤቱ? ለኔ ክብደት የጠነከረ ሞላ የያዘ ሞተር። እያንዳንዱን ጠጠር መሪው ላይ የሚነግረኝ።

እውነቱን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። እህቴ ያን ቀን በስልኳ ቀርጻኝ ነበር። ቪዲዮውን ለማየት ድፍረት አጥቼ ሳምንታት ቆይቻለሁ። አንድ ማታ ከፈትኩት፣ መውደቄ ሲደርስ ግን ላለማየት ስልኩን ትራሱ ላይ ገለበጥኩት። ድምፁ ቀጠለ። ከኔ በፊት ሌሎች ሦስት ልጆች ሲዘሉ ይሰማል። የነሱ ኤንጂን ከመታጠፊያው ጀምሮ «እንንንንን» እያለ ወጥ ሆኖ አቀበቱን ይወጣል፣ የሚቀንሰው አየር ላይ ከሆኑ በኋላ ነው። የኔ መጣ። «እንንንን» አለ፣ ከዚያ ጫፉ ጋ ሳይደርስ «ውው» ብሎ ወደቀ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ የእህቴ ጩኸት።

ያንን ድምፅ ሃያ ጊዜ አዳመጥኩት። ሾክ አልነበረም።

አቀበቱ ላይ ነዳጅ ስትዘጋ ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ይሆናል። ፍጥነትህ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ታጥራለህ። ኤንጂኑ ራሱ እንደ ፍሬን ይይዝሃል፣ በተለይ ባለ አራት ምት ከሆነ። ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፣ የፊቱ ሾክ ይጨመቃል፣ ከጫፉ ስትለቅ አፍንጫው ወደ ታች ነው። ፈርተህ የምትዘጋው እንዳትወድቅ ነው። የሚጥልህ ግን እሱ ነው።

ስለዚህ ሰው ቁምና ቅረጸኝ በል፣ አጠገቡ ሆኖ ድምፁ በደንብ እንዲገባ። ማታ ስልኩን ገልብጠህ አዳምጥ። ምስሉ ያታልላል። ምስል ላይ ሁላችንም ጎበዝ ነን።

3. ትንሽ ጉብታ ፈልግና አፍረህም ቢሆን እሱ ላይ ሰንብት።

እዚህ ጋ ንዴቴን ልተንፍስ። ሲሻለኝ ወደ አንድ የልምምድ ሜዳ ሄጄ በጀማሪዎች ሰዓት መዝግቡኝ አልኩ። መዝጋቢው ዝርዝሩን አየና «አንተማ መካከለኛ ላይ ነህ» አለኝ። ከጉዳት እንደተመለስኩ አስረዳሁት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ታዲያ ካልቻልክ ለምን መጣህ? ያ የልጆች ነው» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ወደ መኪናዬ ተመልሼ ልሄድ ነበር። አሁን ድረስ ያንን ሰውዬ ሳስበው ይጠዘጥዘኛል። አንድን ሰው ዝም ብሎ ከፈጣኖች ጋር አስገብቶ አጥንቱን ማሰበር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አያውቅም ወይም አይገደውም።

ምንም እንዳታፍር። ሌላ ሜዳ ሄድኩ፣ እዚያ አስተባባሪዋ «የኔ ወንድም፣ የፈለግከው ሰዓት ግባ» አለችኝ። ጠረጴዛ የምንለውን ጉብታ መረጥኩ፤ አናቱ ደልዳላ የሆነውን። ብታጥር የምታርፈው ደልዳላው ላይ ነው፣ የሚውጥህ ጉድጓድ የለም። ቁመቱ ከወገቤ አይበልጥም።

ሥራዬ አንድ ብቻ ነበር። በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ፍጥነት፣ የኋላ ጎማው ጫፉን እስኪለቅ ድረስ ነዳጁን ባለበት መያዝ። መጨመርም መቀነስም የለም። ሄልሜቴ ውስጥ ጮክ ብዬ «ያዝ፣ ያዝ፣ ያዝ» እላለሁ። ሰው ቢሰማ እብድ ነው የሚለኝ። ዓይኔን ጫፉ ላይ አላቆምም፤ ጫፉን ካየሁ በኋላ ማረፊያውን እፈልጋለሁ። አስር ጊዜ በተከታታይ ሳልዘጋ ካለፍኩ ቀኑ ተሳካ። ስምንተኛው ላይ እጄ ከዘጋ ከአንድ እጀምራለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከአራት አላለፍኩም። አንድ አስር ዓመት የማይሞላው ልጅ በትንሽ ሞተሩ በጎኔ እየዘለለ አለፈኝ። አየር ላይ ሆኖ ዞር ብሎ አየኝ። ያ ልጅ ደህና ይሁን። ሁለተኛው ቀን ሰባት። ሦስተኛው ቀን አስር ሞላሁ፣ ከዚያ ሌላ አስር። ማታ ስልኩን ገልብጬ አዳመጥኩ። «እንንንንንን»፣ ወጥ። እንደዚያ ቀን ተኝቼ አላውቅም።

ለሳቅ የሚሆን ጨምሬ ልንገርህ፦ በመሃል በእህቴ ልጅ ቢኤምኤክስ ብስክሌት የአፈር ክምር ላይ ስዘልም ከርሜያለሁ። ጓደኞቼ ሲስቁ ማክግራዝን ጠራሁባቸው። ጄረሚ ማክግራዝ 7 ጊዜ የሱፐርክሮስ (ስታዲየም ውስጥ የሚደረገው የሞቶክሮስ ውድድር) ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት ቢኤምኤክስ ነጂ ነበር። ዝም አሉ።

4. አየር ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም ያለህን አትስማ።

ግማሹ ፍርሃቴ «ከለቀቅኩ በኋላ አለቀልኝ» የሚል ነበር። አላለቀም። የፊቱ ወደ ላይ ከሄደብህ ፍሪሲዮኑን ይዘህ የኋላ ፍሬኑን ነካ አድርግ፤ የሚሽከረከረው የኋላ ጎማ ድንገት ሲቆም ኃይሉ ወደ ሞተሩ አካል ይሄድና አፍንጫው ይወርዳል። ፍሪሲዮን ካልያዝክ ግን ኤንጂኑም አብሮ ይጠፋብሃል። የፊቱ ከወረደብህ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ሳትነካ ነዳጅ ስጠው፤ ጎማው ፍጥነት ሲጨምር አፍንጫው ይነሳል። እኔ በዚያ የወደቅኩ ቀን አየር ላይ እጄ ጭብጥ ብሎ ፍሪሲዮኑን ይዞ ነበር። የሚያድነኝን ነገር ራሴ ቆረጥኩት ማለት ነው። ይህንን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ተለማመደው። ተአምር አይሠራም፣ ጥቂት ነው የሚያስተካክልልህ። ግን መሣሪያ እንዳለህ ስታውቅ እጅህ ይለሰልሳል።

ስታርፍ ደግሞ ነዳጁን ትንሽ ከፈት አድርገህ ቁልቁለቱ ላይ ረፍ። ቁጭ ብሎ መዝለልና አቀበቱ ላይ ሾክ ጨምቆ መነሳት ለጊዜው ይቅርብህ። ስክራብማ ጭራሽ። ታዋቂው የሞቶክሮስ ተወዳዳሪ ጄምስ ስቱዋርት እንዲህ ሞተሩን ጫፉ ላይ አጋድሞ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ማየት ደስ ይላል፤ እኔም እስከ ሌሊት ድረስ አየዋለሁ። ግን ጠዋት ሜዳ ላይ እጅህ ያንን ሊሞክር ሲያምረው ታገኘዋለህ።

ስንተኛው ላይ ነበርኩ? ይሁን።

ሾኩን ጨርሰህ እርሳው አላልኩም። ድምፅህ ወጥ ሆኖ ሳለ ሞተሩ አሁንም ቢያስቸግርህ ያኔ እየው። ሙሉ ትጥቅህን ለብሰህ ተቀመጥና የኋላው ስንት እንደሚወርድ አስለካ፤ ትልልቆቹ ሞተሮች ላይ ከ100 እስከ 105 ሚሊሜትር አካባቢ ነው የሚፈለገው። በጣም ካነሰ ወይም ከበዛ መጀመሪያ የሞላውን ቀለበት አስተካክል። የኋላው ጫፉ ላይ እንደ በቅሎ የሚራገጥ ከሆነ ሾኩ ከተጨመቀ በኋላ ቶሎ እየተመለሰ ነው፤ ከሾኩ ሥር ያለውን ማስተካከያ ሁለት ሁለት ጠቅታ እያልክ አዘግየው። ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንካ፣ ጻፈውም። እኔ በመጨረሻ የድሮውን ሞላ መልሼ አስገባሁ። ያስገባልኝ የመጀመሪያው ሰውዬ ነው፣ «አነዳድህን እይ» ያለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር «እንትኑን ቁልፍ አቀብለኝ» ብሎ ዘጋኝ።

ደብሉስ? ከሁለት ወር በኋላ ነው የሞከርኩት። ሁለት ነገር አድርጌ። አንደኛ፣ ያንን ጉብታ በእግሬ ወጥቼ አየሁት። ቆሜበት ሳየው ማረፊያው ጭንቅላቴ ውስጥ ከነበረው በግማሽ ቅርብ ነበር። ሁለተኛ፣ እንደኔው ያለ ሞተር የሚነዳና ያንን ደብል ሁልጊዜ የሚዘል ጓደኛዬን «ልከተልህ» አልኩት። ሁለት ዙር በጎን በኩል ሳልዘል በዝግታ እያለፍኩ የሱን ፍጥነትና ማርሽ ከመታጠፊያው መውጫ ላይ ሰማሁ። በጆሮዬ ነው ያልኩት።

ውሳኔው የሚወሰነው መታጠፊያው ላይ ነው፤ አቀበቱ ላይ ስብሰባ የለም። መታጠፊያው ላይ «አልዘልም» ካልኩ እጄን አውጥቼ ዳር ይዤ ሳልዘል በዝግታ አልፋለሁ። ከኋላ የሚመጣው እንዲያውቅ። «እዘላለሁ» ካልኩ ማንም አይመልሰኝ፤ አደጋ አለ የሚለው ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ ካላየሁ በስተቀር። በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ «አልዘልም» አልኩ። ጓደኞቼ አጥሩ ላይ ነበሩ፣ ግን አስቀድሜ አፋቸውን እንዲይዙ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። አራተኛው ላይ «ያዝ፣ ያዝ፣ ያዝ» እያልኩ ወጣሁ።

የኋላ ጎማዬ ጠርዙን ነካ አድርጎ ቁልቁለቱ ላይ አረፍኩ። ቆንጆ አልነበረም። እህቴ እንደገና ቀርጻኝ ነበር፣ እንደገና ጮሃለች። ስልኳን ስትሰጠኝ መጀመሪያ ገልብጬ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

አንተም ቪዲዮ ካለህ ላክልኝ። ምስሉ ቢደበዝዝም ግድ የለም፣ ድምፁ ካለበት ይበቃኛል።