«ከጎረቤት አንድ ተበደሪ» ብላት አልገባትም

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጄ ሒሳብ ትወድ ነበር። መበደር ያለበት መቀነስ ከተጀመረ ወዲህ ግን ደብተሯን ስትገልጥ ፊቷ ይለወጣል። 52 ሲቀነስ 27 ስንት ነው ብዬ ስጠይቃት 35 ትላለች። «ከጎረቤት አንድ ተበደሪ» እያልኩ ደጋግሜ አሳይቻታለሁ፤ የዚያን ዕለት በትክክል ትሠራውና በማግስቱ ተመልሳ 35 ትጽፋለች። ይባስ ብሎ መበደር በማያስፈልገው በ58 ሲቀነስ 23 ላይም መበደር ጀምራለች። ልጄ ትኩረት አጥታ ነው ወይስ ጥፋቱ ከእኔ አስተማመር ነው?
አንዲት እናት

መልስ፦ ትኩረት ያጣ ልጅ አንድ ቀን 24፣ ሌላ ቀን 26 ይጽፋል እንጂ ሁልጊዜ 35 አይጽፍም። ልጅዎ በየጊዜው ያንኑ መልስ የምትሰጠው የምትከተለው ደንብ ስላላት ነው። እስካሁን በሠራቻቸው ጥያቄዎች ሁሉ የተቀነሰው ከትልቁ ላይ ትንሹ ነበር፤ ስለዚህ በአንድ ቤት 2 እና 7ን ስታይ ቦታቸውን ሳትመለከት ከ7 ላይ 2 ቀንሳ 5 ትጽፋለች፣ በአሥር ቤትም ከ5 ላይ 2 ቀንሳ 3 ትጽፋለች። ይህ ስሕተት በልጆች ዘንድ እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ የሚነግረንም ልጅቱ 52ን እንደ አንድ ብዛት ሳይሆን ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች እንደምታየው ነው።

እዚህ ላይ «ከጎረቤት ተበደሪ» የሚለው አነጋገር ችግሩን ያባብሰዋል ብዬ አምናለሁ። የተበደረ ሰው ይመልሳል፤ በዚህ መቀነስ ውስጥ ግን ማንም ለማንም የሚመልሰው ነገር የለም። «ጎረቤት» የሚለው ቃልም 5 እና 2 የየራሳቸው ቤት ያላቸው፣ አንዱ ሌላውን የማይመለከተው ቁጥሮች ናቸው የሚለውን የልጅቱን ግምት ያጸናላታል። ቋንቋችን ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አለው፤ እርሱም «መዘርዘር» ነው። አንድ ባለ አሥር ኖት የዘረዘረ ሰው ገንዘቡ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም፤ የተለወጠው የያዘበት መልክ ብቻ ነው። 52ም እንዲሁ 5 አሥሮችና 2 አንዶች ሊሆን፣ ከአሥሮቹ አንዱ ሲዘረዘር ደግሞ 4 አሥሮችና 12 አንዶች ሊሆን ይችላል። ሊፒንግ ማ የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት የአሜሪካና የቻይና መምህራንን ስታነጻጽር ካስተዋለቻቸው ልዩነቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ ከአሜሪካውያኑ ብዙዎቹ ስለ መበደር ሲናገሩ፣ ከቻይናውያኑ የሚበዙት ከፍ ያለውን ቤት ስለ መዘርዘር ያስረዱ ነበር።

ቃሉን መለወጥ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ልጅቱ ድርጊቱን በእጇ መሥራት አለባት። ቀጫጭን እንጨቶችን አሥር አሥሩን በክር እሰሩና አምስት እስርና ሁለት ነጠላ እንጨቶች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ወዲያው ወደ መቀነስ አይግቡ። «እነዚህን 52 እንጨቶች በሌላ መንገድ ማስቀመጥ ትችያለሽ?» ብለው ይጠይቋትና አንድ እስር ፈትታ አራት እስርና አሥራ ሁለት ነጠላ፣ ከዚያም ሌላ እስር ፈትታ ሦስት እስርና ሃያ ሁለት ነጠላ ታድርገው፤ በየጊዜው ጠቅላላ ብዛቱን ስትጠየቅ ሳትቆጥር 52 እስክትል ድረስ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢያልፍ የባከነ ጊዜ አይደለም። ከዚያ በኋላ «አሁን 27 አንሺ» ይበሏትና ዝም ይበሉ። ከሁለት ነጠላ ላይ ሰባት ማንሳት እንደማይቻል የምታየው ራሷ ናት፤ እስሩንም ራሷ ትፈታለች። (ክሩን እርስዎ ከፈቱላት የተማሩት እርስዎ ነዎት።)

ወረቀት የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። እስሩን እንደ ፈታች 5ን ሰርዛ በላዩ 4፣ የ2ን ቦታ ደግሞ 12 ትጻፍ፤ ምልክቱ እጇ የሠራውን መመዝገቢያ እንጂ በትእዛዝ የሚጻፍ ምሥጢር አይሁን። እንጨቶቹን ለማስጣል አይቸኩሉ። መጀመሪያ በሥዕል፣ ማለትም ለአሥር መስመር ለአንድ ነጥብ እየሣለች ትተካቸዋለች፣ ኋላም ራሷ ትተዋቸዋለች።

በ58 ሲቀነስ 23 ላይ መበደሯ ደግሞ ከመልመጃዎቹ አሰጣጥ የመጣ ይመስለኛል። አንድ ገጽ ሙሉ መበደር የሚጠይቁ ጥያቄዎች የተሰጠው ልጅ ሳያስብ መበደርን ይለምዳል። ሁለቱን ዓይነት ቀላቅለው ይስጧት፤ ከእያንዳንዱ በፊትም «ያሉኝ ነጠላዎች ይበቃሉ?» ብላ ራሷን ትጠይቅ።

በዚህ መካከል ወደ መደመር መመለስም ይጠቅማል፤ መዘርዘሩ የሚገባው ማሰሩ ለገባው ነውና። በ38 ሲደመር 47 ላይ ስምንትና ሰባት ነጠላዎች አሥራ አምስት ይሆናሉ፤ ቁጥሩ ራሱ በስሙ «አሥር እና አምስት» እያለ ስለሚነግረን አሥሩ ታስሮ ወደ አሥር ቤት ይሄዳል፣ አምስቱ ይቀራል። «አንድ በእጅ» የምንለው ያ አንድ አሥር መሆኑን ያልተረዳ ልጅ ወይ 715 ይጽፋል፣ ወይ የያዘውን ረስቶ 75 ይላል፣ ወይም 1ን ጽፎ 5ን በመያዝ 121 ላይ ይደርሳል። 715 የጻፈ ልጅ «ሁለቱም ከ50 ያንሳሉ፤ ታዲያ ድምራቸው ከ100 ሊበልጥ ይችላል?» ቢባል ብዙ ጊዜ ራሱን ያርማል። ልጅዎም 35ን ከ27 ጋር ደምራ በ52 ፈንታ 62 ስታገኝ እርስዎ «ተሳስተሻል» ማለት አይጠበቅብዎትም።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ባለ ሁለት አሃዙን በደንብ ይሠራሉ፤ 402 ሲቀነስ 178 ሲመጣ ግን ብዙዎቹ 274 ይላሉ። መካከል ላይ ያለውን ዜሮ እንዴት ላስተምር?
አንድ መምህር

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ከ4 ላይ አንድ ወስደው በቀጥታ ለአንድ ቤት ሰጥተውታል፤ የወሰዱት ግን መቶ ነበር። በአሥር ቤት 0 ላይ 7 ሊነሳ ስላልቻለ ደግሞ ገልብጠው 7 ጻፉ። የተለመደው አሠራር መቶውን ወደ አሥሮች፣ ከእነዚያም አንዱን ወደ አንዶች መዘርዘር ነው፤ ሁለት እርምጃ ስላለው ብዙ ልጆች በመካከሉ ይጠፋሉ። እኔ የምመርጠው «በ402 ውስጥ ስንት አሥሮች አሉ?» ብሎ መጀመርን ነው። ዜሮ የሚል ተማሪ መኖሩ አይቀርም፤ መልሱ ግን 40 ነው፣ ዜሮው የሚነግረን በመቶዎቹ ውስጥ ሳይገባ የተረፈ አሥር እንደሌለ ብቻ ነው። ከ40 አሥሮች አንዱ ሲዘረዘር 39 አሥሮችና 12 አንዶች ይቀራሉ፤ ከ39 ላይ 17፣ ከ12 ላይ 8 ሲቀነስ 224 ይገኛል። እንደ 300 ሲቀነስ 148 ባሉት ላይ ደግሞ ከሁለቱም አንድ አንድ ቀንሶ 299 ሲቀነስ 147 ብሎ መሥራት መበደርን ጨርሶ ያስቀራል፤ ልዩነቱ ያው 152 ነው። ይህን ግን መዘርዘሩ ከገባቸው በኋላ ያሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ልጅ ሳለሁ የተማርኩት እንደ 52 ሲቀነስ 27 ባለው ላይ፣ ከላይ ለ2 አሥር ጨምሮ 12 ካደረጉ በኋላ፣ ከታች ያለውን የአሥር ቤት በአንድ ከፍ ማድረግን ነው። የልጄ መምህር ግን እንደዚያ አያደርግም። ትክክሉ የትኛው ነው?
አንድ አባት

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የእርስዎ መንገድ ለሁለቱም ቁጥሮች እኩል አሥር ይጨምራል፤ ከላይ አሥር አንዶች፣ ከታች አንድ አሥር። በሁለቱም ላይ እኩል ሲጨመር ልዩነታቸው ስለማይለወጥ 12 ሲቀነስ 7፣ 5፤ 5 ሲቀነስ 3፣ 2፤ መልሱ 25 ይሆናል። ብራውኔልና ሞዘር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጡት ጥናት ሁለቱን መንገዶች በሦስተኛ ክፍል ልጆች ላይ አወዳድረው ነበር። ምክንያቱ ሳይገለጽ በቃል ለተማሩት የተሻለ ውጤት የሰጠው የእርስዎ መንገድ ነበር፤ ምክንያቱ እየተገለጸ ሲሰጥ ግን የመዘርዘሩ መንገድ በልጦ ተገኝቷል። ልጅዎ በመምህሩ መንገድ እስኪጸና ድረስ የእርስዎን ያቆዩለት፤ ከዚያ በኋላ «እኔ እንዲህ እሠራለሁ፣ ለምን ያው መልስ መጣ?» ብለው ቢጠይቁት መልካም ጨዋታ ይሆንላችኋል።