«ሺቫ ማለት አጥፊ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ

ሕንድ አገር፣ ሃይደራባድ የምትማሪው እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «የሺቫ ስም ትርጉም በሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት» የሚል ተርም ፔፐር ተሰጥቶሻል። ያነበብሽው ሁሉ ይህን የሂንዱ አምላክ «አጥፊው» ስለሚለው፣ ይህንኑ ይዤ ልቀጥል ወይ ነው ያልሽው። አትቀጥዪ። እኔ እዚያው ሕንድ፣ ፑኔ እያለሁ በ2007 ዓ.ም. ይህንኑ ጽፌ አንድ ሴሚስተር ተቃጥሎብኛል። አንቺም እንደኔ የመጻሕፍቱን ጥንታዊ ቋንቋ፣ ሳንስክሪትን፣ ሳታውቂ የገባሽበት ይመስለኛል።

1. «አጥፊ» የተሰጠው የሥራ ድርሻ እንጂ የስሙ ፍቺ አይደለም። ከሦስቱ ታላላቅ አማልክት ብራህማ ይፈጥራል፣ ቪሽኑ ይጠብቃል፣ ሺቫ ያጠፋል የሚለው አከፋፈል ኋላ የመጣ ነው። ሺቫ የሚለው ቃል በሳንስክሪት ቸር፣ ደግ፣ በጎ ማለት ነው። ለመንገደኛ «መንገድህ ሺቫ ይሁን» ይባልበታል፤ እኛ «ቸር ግባ» እንደምንለው። ነጥቆ መውሰድን የሚያመለክተው ሌላው ስሙ፣ ሃራ ነው።

2. ከሩድራ ጀምሪ። ከሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጥንታዊው፣ ሪግ ቬዳ፣ 1,028 መዝሙሮች አሉት፤ ሺቫ በሚል ስም የሚጠራ አምላክ ግን የለበትም። ያለው ኋላ ሺቫ የተባለው አምላክ፣ ሩድራ ነው። ለእሱ ብቻ የተሰጡት ሙሉ መዝሙሮች ሦስት ናቸው። ቀስተኛ ነው፤ ፍላጻው በሽታ ያመጣል። እሱው ደግሞ ከሐኪሞች ሁሉ የሚበልጥ ሐኪም ይባላል። ሰዎቹ ልጆቻችንን አትግደል፣ ከብቶቻችንን አትንካ እያሉ ይለምኑታል። ሺቫ እዚያ ቅጽል ነው እንጂ የተጸውዖ ስም አይደለም።

3. እኔን የጣለችኝ ይህችው ናት። ፔፐሬ 14 ገጽ ነበር። ርዕሱ «ሺቫ፦ የአጥፊው ስም»። ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳቀርብ መምህርቷ፣ በዕድሜ የገፉ የሳንስክሪት ሰው ናቸው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ አስቆሙኝ። «ሽሪ ሩድራምን አንብበሃል?» አሉኝ። አላነበብኩም። «እንግዲያው ምንም አልጻፍክም» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። በዚያ ሰዓት በጣም ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ልክ ነበሩ።

ሽሪ ሩድራም በሌላው ቬዳ፣ በያጁር ቬዳ ውስጥ ያለ ባለ 11 ክፍል ጸሎት ነው። «ሩድራ ሆይ፣ ለቁጣህ ሰላምታ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ለፍላጻው፣ ለቀስቱ፣ ለሁለቱ ክንዶቹም እጅ ይነሳል። ከዚያ ያንኑ የሚፈራውን ፍላጻና ቀስት «ሺቫ» ይለዋል። ቀስቱ ገና እንደተወጠረ ማለት ነው! ሦስተኛው ክፍል ላይ የሌቦች ጌታ ብሎ ሳይቀር ሰላምታ ይሰጠዋል። እንዲህ እያለ ስምንተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ «ናማህ ሺቫያ» ይላል፤ ለደጉ ሰላምታ። አስከትሎም ይበልጥ ለደጉ። ዛሬ በየቤተ መቅደሱ የምትሰሚው ባለ አምስት ፊደል ጸሎት፣ ና፣ ማ፣ ሺ፣ ቫ፣ ያ፣ ከዚህ የመጣ ነው። አምስቱን ፊደላት ለምድር፣ ለውሃ፣ ለእሳት፣ ለነፋስና ለጠፈር ይሰጧቸዋል።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር የሚያስፈራ ነገር ሲነሳ «ስሙን ቄስ ይጥራው» ይባላል። እነሱ ስሙን አልተዉትም፤ ደግ በሚል ቃል ጠሩት። ደግ ሁንልን ማለታቸው ነው። ልመናው ሲደጋገም፣ ሲደጋገም ስም ሆነ። ፔፐርሽ ይህችን ከያዘ ሌላው ቢጎድል እንኳ ያልፋል።

ስለ ሩድራ ስትጽፊ አንድ ፍቺ ብቻ ይዘሽ እንዳትደርቂ። ያስካ የሚባለው ጥንታዊ የቃላት ሊቅ «ኒሩክታ» ላይ ይደረድርልሻል። ስለሚያገሳ ሩድራ ተባለ። አንድም እያገሳ ስለሚሮጥ። አንድም ስለሚያስለቅስ። «አንድም» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግን አካሄዱ ያው ነው። አያቴ የመጻሕፍት መምህር ስለነበሩ በአንድምታ ትርጓሜ ነው ያደግኩት። እዚያ ክፍል ውስጥ ሌሎቹ ተማሪዎች «ትክክለኛው የቱ ነው?» እያሉ ሲጨነቁ እኔ ቤቴ የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ሻታፓታ ብራህማና በሚባለው የቬዳ ማብራሪያ መጽሐፍ ላይ ያለውን፣ ሩድራ ስም ያገኘበትን ታሪክም አትዝለዪው። ሕፃኑ ተወልዶ ያለቅሳል። ፈጣሪው ፕራጃፓቲ ለምን ታለቅሳለህ ይለዋል። ስም ስለሌለኝ ነው፣ ክፉ ነገር አልተወገደልኝም፣ ስም ስጠኝ ይላል። ስላለቀሰ ሩድራ አለው። ሕፃኑ ግን ከዚህ እበልጣለሁ እያለ ስምንት ስም ተቀበለ፤ እሳት፣ መብረቅ፣ ጨረቃ፣ ፀሐይ ሳይቀሩ ተሰጡት። ከስምንቱ ውስጥ ሺቫ የለም። ይህን ጻፊው፤ መምህራን ይወዱታል። መጽሐፉ አክሎ ልጅ ሲወለድ ስም አውጡለት፣ ክፉ ይርቅለታል፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ስም ጨምሩለት ይላል። የቤት ስምና የክርስትና ስም ይዘን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም።

ፊደሉንም ተጠቀሚበት። ሳንስክሪት የሚጻፍበት ዴቫናጋሪ እንደ ግዕዝ ፊደል ነው፤ አናባቢው ፊደሉ ላይ ይቀጠላል። ከ«ሺ» ላይ ያችን ቅጥያ ካነሳሽ፣ ማለትም ሣልሱን ወደ ግዕዝ ብትመልሺው፣ ቃሉ «ሸቨ» ይሆናል። ሬሳ ማለት ነው። ቅጥያዋ ሻክቲ፣ ኃይሉ ናት ይላሉ፤ ያለ እሷ ሺቫ ሬሳ ነው። ሕንዶቹ ልጆች ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኛ ግን በዓይናችን ነው የምናየው።

ሁለተኛውን ፔፐር በዚህ መንገድ ጻፍኩ። መምህርቷ ኮፒውን ለራሳቸው አስቀሩት። እስከዛሬ የምኮራበት ነው።

ግን ውጤቱ በወቅቱ አልገባልኝም። የፈተና ክፍሉ ሰውዬ ድጋሚ ለመመዝገብ ቦናፋይድ ሰርተፊኬት፣ ማለትም የተማሪነት ማረጋገጫ፣ አምጣ አለኝ። ቦናፋይድ የሚሰጠው መስኮት ደግሞ የክፍያ ደረሰኝ ጠየቀኝ። ክፍያ የሚቀበለው ምሳ ወጥቷል። ነገ ና፣ ነገ ና። አራት ቀን እንዲህ ተንከራተትኩ። በመጨረሻው ቀን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ መስኮቱን ዘጋው። ስታይፔንዴ ሁለት ወር ዘገየ፤ የቤት ኪራይ በብድር ከፈልኩ። ይህ እንዲደርስብሽ አልፈልግም።

ሰኞ ጠዋት ሰፈርሽ ያለ የሺቫ ቤተ መቅደስ ሂጂ። ጫማ ውጭ ይወልቃል። ሺቫን በሚወክለው ድንጋይ ላይ ውሃና ወተት እያፈሰሱ ሩድራምን ሲያዜሙ ካገኘሽ «ናማስቴ ሩድራ ማንያቬ» ብለው ሲጀምሩ አዳምጪ፤ ያ የቁጣው ሰላምታ ነው። ስምንተኛው ክፍል ላይ «ሺቫያ ቻ፣ ሺቫታራያ ቻ» ሲሉ ታውቂዋለሽ። ቦናፋይዱን ግን ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ከምሳ በፊት።