ቡና ጭና መንገድ ላይ የምትቆም ባለ 4 ጎማ ሞተር

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ምጽፈው ከማና ነው፣ ከጅማ ወደ አጋሮ ስትሄዱ። ለቡና ማሳችን ምናገለግልባት አንድ አሮጌ ሆንዳ 300 ባለ 4 ጎማ ሞተር አለችን፣ ፎርትራክስ የሚል ተጽፎባታል፣ አባቴ ድሮ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ የገዛት ናት። ጠዋት ጥሩ ትነሳለች፣ ከዛ ትንሽ ከሰራችና ከሞቀች በኋላ ታፍና ትጠፋለች፣ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ጭሷ ጥቁር ነው፣ ቤንዚን ትበላለች፣ የፊት ፍሬኗ ውሃ ከነካው አይዝም። እዚህ ያለ መካኒክ ሞተሩን አውጥተን የባጃጅ ሞተር እንግጠምላት ይላል። እኔ ደግሞ ትልልቅ ጎማ ላስገባላትና ከኋላ ሰፋ ያለ የጭነት ሳጥን ላስበይድላት ነው ያሰብኩት፣ ኩንታል እንድትሸከም። ለቀማ ሳይደርስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ብየዳውንም የባጃጁንም ነገር አቁምልኝ። የጻፍክልን ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው፣ አንዱ አትታመንም ነው፣ ሌላው አትበቃኝም ነው፣ ብዙ ሰው ሁለቱን ባንዴ ሊፈታ ይገባና መጨረሻ ላይ የቱ ስራ የቱን ችግር እንዳመጣ ማንም ማያውቃት ሞተር ታቅፎ ይቀራል። መታመኗ ይቅደም። እሸት ቡና ጆንያ ውስጥ ማደር እንደሌለበት ከኔ በላይ አንተ ታውቃለህ፣ በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ይቦካል፣ ስለዚ 50 ኪሎ ይዛ ሁሌ ምትደርስ ሞተር ኩንታል ይዛ ግማሽ መንገድ ላይ ከምትቆም መቶ እጥፍ ትሻልሃለች።

የባጃጅ ሞተር ለምን እንደማይሆን ልንገርህ፣ መካኒክህን ለመንቀፍ አይደለም፣ ነገሩ ከመሰረቱ ስለማይገጥም ነው። ባጃጅ ላይ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ ላይ ሆነው ነው ከኋላ የተቀመጡት፣ ኃይሉም በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ቀጥታ ወደ ጎማ ይወጣል። ያንተዋ ግን ኃይሉን በረጅም ካርዳን ነው ወደ ኋላ ምትልከው፣ በ4ቱም ጎማ ምትጎትተዋ አይነት ከሆነች ደግሞ ወደ ፊት ሚሄድ ሌላ ዘንግ አላት። ያንን ሁሉ ቆርጠህ ጥለህ 200 ሲሲ ገደማ የሆነ ሞተር ብታስገባ የፊት ጉተታውን ታጣለህ፣ ሻንሲው ይዳከማል፣ ሐምሌ ላይ ቀዩ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ያ ጉተታ ነው ሚያወጣህ። የራሷ ሞተር 282 ሲሲ ነው፣ አንድ ፒስተን፣ በአየር ሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የለ የውሃ ፓምፕ የለ። ሆንዳ ይቺን ሞዴል ከ1988 እስከ 2000 (እ.ኤ.አ.) ሲሸጣት ነበር፣ እስካሁንም በየእርሻው ምትሰራው ቀላል ስለሆነች ነው። እንዲህ አይነት ሞተር አይጣልም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሲሞቅ መጥፋቱ። በግምት ዕቃ እየቀያየርክ ገንዘብህን አትጨርስ። ምርመራው ግን ልክ በጠፋችበት ደቂቃ መሆን አለበት፣ ከቀዘቀዘች በኋላ ምልክቱ ሁሉ ይጠፋል፣ ጋራዥ ስትወስዳት እኮ "ምንም የላትም" የሚሉህ ለዚ ነው። የካንዴላ (ብልጭታ ምትሰጠዋ) መፍቻ፣ አንድ ትርፍ ካንዴላና ኤሌክትሪክ ሚለካ ቴስተር ያዝና እስክትጠፋ ድረስ ንዳት። ስትጠፋ መጀመሪያ የሳልባቲዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) ክዳን ክፈት። እስስ ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳች ተገኘ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው፣ ቤንዚኑ ሲወርድ ቦታውን ሚተካ አየር ስለማይገባ ቤንዚንና አየር ሚቀላቅለው ካርቡራተር ይራባል። ከክዳኑ ምትወጣ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች፣ መሪው ላይ ነው ጫፏ ሚገባው፣ ጭቃ ሊደፍናት ይችላል፣ ቤት ሚሰሩ ተርቦችም እንደዛ አይነት ቀዳዳ ይወዳሉ፣ በኮምፕሬሰር አስነፋት።

ክዳኑ ካልሆነ ትርፍ ካንዴላውን ገመዱ ላይ ሰክተህ ብረቱን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ አስነካና ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) አስዙር፣ ቤንዚን የፈሰሰበት አካባቢ ግን እንዳታደርገው። ብልጭታ ከሌለ ወይ ቀላ ያለ ደካማ ከሆነ ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው። በዚ ዕድሜ ላለች ሞተር ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጥቅል ሽቦ ነው፣ ወይ ለካንዴላው ኃይል ሚሰጠው ቦቢና ወይ ደግሞ ማኝቴው (ሚዞረው ማግኔት) አጠገብ ሆና ብልጭታውን ለሚያዘው ሳጥን፣ ለሲዲአይ፣ ምልክት ምትልከው ትንሿ ጥቅል። ውስጡ የተሰነጠቀ ሽቦ ሲቀዘቅዝ ይነካካል፣ ሲሞቅ ሁሉም ነገር ስለሚለጠጥ ይለያያል፣ ያንተ ሞተር ስትቀዘቅዝ መነሳቷ ከዚ ጋር ልክ ይሄዳል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆና የሁለቱን ጥቅሎች ኦም በቴስተሩ ለካና ጻፈው፣ ልክ ስትጠፋ ደግመህ ለካ፣ ቁጥሩ በጣም ከዘለለ ወይ ጭራሽ መስመር የለም ካለህ ያቺን ጥቅል ነው ምትቀይረው፣ ሌላውን አትንካ። አዲስ ካላገኘህ ዲናሞ ሚጠቀልል ጥሩ ባለሙያ አስጠቅልላት፣ የሽቦው ውፍረትና የዙሩ ብዛት ግን ከነበረው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ብልጭታው ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ፣ ቤንዚንም ካለ፣ ወደ ቫልቮላው እንሂድ። በቫልቮላውና በሚገፋው ክንድ መሃል ያለው ክፍተት ከጠበበ ሞተሩ ሲሞቅ የቫልቮላው ዘንግ ይረዝምና ሙሉ በሙሉ አይከደንም፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ሚታመቀው ግፊት) ያመልጣል፣ ሞተሪኖው ያለወትሮው ቅልል ብሎት ሲዞር ትሰማዋለህ። ሚስተካከለው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ አዳሯን ቆማ ቢሆን ይመረጣል፣ በማኑዋሉ ልክ ነው። በዛውም ሲሊንደሩ ላይ ያሉትን የብረት ክንፎች እያቸው፣ ጭቃ ደርቆ መሃላቸውን ከሞላው ያቺ ሞተር መተንፈሻ የላትም፣ በእንጨት ፈልፍለህ እጠባቸው።

ጥቁሩ ጭስ ሌላ ነገር ነው። ቤንዚን በዝቶባታል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጣ፣ ስፖንጅ ነው፣ በናፍጣ ታጥቦ ደርቆ ዘይት በስሱ ተቀብቶ ነው ሚገባው፣ ቀጥሎ ጠዋት ለማስነሳት ሚሳበው አርያ ተዘግቶ እንዳልቀረ ተመልከት፣ ገመዱ ስለሚዝግ ተጎትቶ አይመለስም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ከፍታው ነው። ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ወደ 20 በመቶ ገደማ ያንሳል፣ ለቆላ ሀገር የተሰራ ጂግለር (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን ሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ቡሎን) እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ያው ሆኖ አየሩ ስለሚያንስ ይበዛባታል። ዋናውን ጂግለር በአንድ ወይ በሁለት ቁጥር ዝቅ አድርገው፣ ሞክርና የካንዴላውን ቀለም እይ፣ የፈዘዘ ቡኒ ሲሆን ደርሰሃል፣ ነጭ ከሆነ ግን አብዝተህ ቀንሰሃልና መልሰው፣ ፒስተን ሚያቃጥለው እሱ ነው። ጂግለር ደግሞ በሽቦ አይጎረጎርም! ቀዳዳው ከሰፋ ቁጥሩ ውሸት ሆነ፣ በቤንዚንና በአየር ብቻ ነው ሚጸዳው። በሃይላንድና በጄሪካን ሚሸጥ ቤንዚን ከሆነ ምትጠቀመው አስርገህ አጣርተው፣ ከስር ያለውን ውሃ አትገልብጠው፣ ከሳልባቲዮው ወደ ካርቡራተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይም ትንሽ ፊልትሮ አስገባ።

የባትሪውን ማሳ (የኔጌቲቩን ሽቦ) ሻንሲውና ሞተሩ ላይ ከታሰረበት ፍታና ቀለሙንም ዝገቱንም ፍቀህ እሰረው። ሞተሩ እየሰራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማግኘት አለብህ፣ ካላገኘህ ቻርጅ አታደርግም።

ፍሬኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ማና ውስጥ ቁልቁለት አለ። የፊቶቹ ከበሮ ፍሬኖች ናቸው፣ በዘይት ሚሰሩ። ከበሮው ጠርዝ ላይ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ሲያረጅ ውሃና ጭቃ ይገባል፣ የፍሬኑ ጫማ ይረጥባል፣ ትንሿ ፒስተን ትዝግና ትደርቃለች። ሁለቱንም አስከፍት፣ ጫማው ካለቀ ቀይር፣ የላስቲክ ማሸጊያዎቹን ቀይር፣ ዘይቱ ዶት 4 ይሁን። የሞተር ዘይት ወይም የሃይድሮሊክ ዘይት ጨምሩበት የሚል ሰው ካለ አትስማ፣ የፍሬኑን ላስቲኮች ያሳብጥና ልክ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልባ ያስቀርሃል። የሞተር ዘይቷ ደግሞ የሞተርሳይክል 10ደብሊው-40 ይሁን፣ ፍሪሲዮኗ እዛው ዘይት ውስጥ ስለሆነ ምትሰራው አንዳንድ የመኪና ዘይት ያንሸራትታታል።

ዕቃ አይገኝም ብለህ አትስጋ፣ አብዛኛው ኩሽኔታ የሆንዳ ብቻ አይደለም። ጠርዙ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበው፣ ለምሳሌ 6205 ካለ ውስጡ 25፣ ውጪው 52፣ ወርዱ 15 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጅማ መርካቶም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም በቁጥሩ ይሰጡሃል። ዘይት እንዳይፈስ ሚይዘው ፓራኦሊዮም ልኩ ላዩ ላይ ተጽፏል። የተበሉ ቡሾችን ቶርኖ ቤት ከናይለን ወይ ከብሮንዝ ያወጡልሃል፣ የድሮውን ሳትጥል ይዘህ ሂድ። ዕቃ በደንብ ሚመርጥ ሰው ከአዲስ አበባ ሳያስመጣ ብዙውን እዛው ይጨርሳል፣ እኔ በዚ አምናለሁ።

እነዚ ሁሉ ካለቁና ቀኑን ሙሉ ሳትጠፋ ከሰራች ነው ስለ ማሻሻል ምናወራው። ትልልቅ ጎማውን ተወው፣ ማርሹን ያከብድባታል፣ ፍሪሲዮን ይበላል፣ ፍሬኑን ያዳክማል፣ ከፍ አድርጎም ለመገልበጥ ያመቻቻታል። ካለው ጎማ ጥቅም ማግኘት ከፈለግክ ንፋሱን አስተካክል። ጎሚስታው እንደ መኪና 30 ፒኤስአይ ነው ሚሞላልህ፣ የዚ አይነት ጎማ ግን ሚፈልገው ከ3 እስከ 5 ብቻ ነው፣ ልኩ ጎማው ጎን ወይም ፓራፋንጎው ላይ ተለጥፎ ይሆናል። ሲበዛ እንደ ኳስ ትነጥራለች ጭቃም አይዝላትም፣ ተራው መለኪያም ይሄን ዝቅተኛ ቁጥር በደንብ ስለማያሳይ ለዝቅተኛ ግፊት የተሰራ ይኑርህ።

ሳጥኑም ይቅር። የዚ መጠን ሞተሮች ላይ የኋላው መደርደሪያ ሚችለው 60 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ኩንታል ከላይ ብትጭንባት ዳገት ላይ ፊቷ ይነሳል፣ ወደ ኋላ ከተገለበጠች አንተ ከስር ነህ። ይልቅ በዛ ብየዳ ገንዘብ ዝቅ ያለች ባለ 2 ጎማ ተጎታች አሰራ። የባጃጅ ጎማ፣ 4.00-8 የሚባለው፣ ከነኩሽኔታው በየቦታው አለ፣ ቀጭን ስለሆነ ግን በጣም ረግረግ ላይ ይሰምጣል፣ ለማሳው መንገድ ይበቃል። መንጠቆው ከሻንሲው ጋር ከአክስሉ ከፍታ ሳይበልጥ ዝቅ ብሎ ይታሰር፣ መደርደሪያው ላይ በፍጹም፣ ጭነቱም ከመጎተቻው በኩል ትንሽ ያዘንብል። ተጎታቿ ፍሬን ስለሌላት ቁልቁለት ላይ ገና ከላይ ከባድ ማርሽ አስገብተህ ነው ምትወርደው። አንድ ሌላ ማሻሻያ ምወድልህ አለ፣ ከማርሽ ቤቶቹ ሚወጡትን የመተንፈሻ ቱቦዎች አስረዝመህ ከፍ አድርገህ ሳልባቲዮው ስር እሰራቸው፣ ወንዝ ስትሻገር ውሃ እንዳይስቡ። ዘይቱ ወተት መስሎ ካየኸው ውሃ ገብቷልና ያኑኑ ቀን ቀይረው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጅማ ከተማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነኝ። ባለቤቴ እንደዚሁ አይነት ባለ 4 ጎማ ሞተር ለእርሻ ገዝቶ ነበር፣ አሁን እርሻው ስለቀረ ከኋላ ሌላ ወንበር አስበይዶ ሁለቱን ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ሊያመላልስባት ይፈልጋል። ረጅም ወንበር ስላላት ለሰው የተሰራች ናት ይላል፣ እኔ ግን ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎ ልክ ነው፣ እባክዎ አያስፈቅዱ። ወንበሯ የረዘመው ነጂው ዳገት ላይ ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ፣ መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን እየተንቀሳቀሰ ሚዛን እንዲጠብቅ ነው። ከኋላው ልጅ ከተቀመጠ ያ ቦታ የለም፣ ክብደቱም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለተኛው ነገር አስፋልቱ ነው፣ ብዙዎቹ የዚ አይነት አሮጌ ሞተሮች የኋላ ሁለት ጎማቸው ባንድ ዘንግ የተያዘ ነው፣ መታጠፊያ ላይ የውጪኛው ጎማ ቀድሞ መዞር አይችልም፣ ጭቃና ሳር ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ችግር የለውም፣ አስፋልት ላይ ግን ስለሚይዝ ሞተሯ ቀጥ ብላ መሄድ ትፈልጋለች፣ ነጂው በግድ ሲያጥፋት በአንድ ጎን ትነሳለች። ለስላሳ ጎማዋም ለአስፋልት አልተሰራም። ተበይዶ የተጨመረ ወንበር ደግሞ ልጆቹን ከአክስሉ ኋላ ያስቀምጣቸዋል፣ ይሄ ከሁሉም የባሰው ነው። ልጆቹ በባጃጅ ይሂዱ። ባለቤትዎ ሞተሯን ለእርሻ ላለው ሰው ቢሸጣት ዋጋ ታወጣለች፣ በተለይ ከለቀማ በፊት መስከረም አካባቢ ፈላጊ አያጡም፣ ሳትሸጥ ምትቆም ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑን ከካርቡራተሩ አስፈስሶ ባትሪውን ይፍታ።